ኔጋቲቩ ግራጫ ሆኖ ለሚወጣብህ

ወንድሜ፣ «የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ቦርድ ልሠራ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያሳተምኩት ኔጋቲቭ (የሰርኪቱ ሥዕል የታተመበት ግልጽ ፕላስቲክ) ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ቦርዱ ላይም የመዳብ ነጠብጣብ ቀረ» ላልከው፣ ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው።

ድራይ ፊልም (ቦርዱ መዳብ ላይ የሚለጠፈው፣ በብርሃን የሚለወጥ ስስ ፊልም) ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠነክራል፤ ከሥሩ ያለው መዳብም በኬሚካሉ ሳይበላ ይቀራል። ስለዚህ ኔጋቲቩ ላይ መስመሮቹ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ቀሪው ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ሌዘር ፕሪንተር ግን ሰፊ ጥቁር ቦታ ላይ ቶነሩን እኩል አያለብስም። ወደ መስኮት አንስተህ እየው፣ እንደ ወንፊት ነው። በነዚያ ቀዳዳዎች የገባው ብርሃን ነው ነጠብጣቡን ያስቀረው።

ሁለት ቅጂ በአንድ ማሽን፣ በአንድ አቅጣጫ አሳትምና ደርበህ በስኮች ያዛቸው። ሚረር ማድረግም (እንደ መስታወት ምስል ገልብጦ ማተም) አትርሳ፤ ቶነሩ ያለበት ገጽ ወደ ፊልሙ እንዲዞር ነው። የታችኛው ቶነር ፊልሙን ካልነካ ብርሃኑ በጎን ሾልኮ መስመሩን ያወፍረዋል። መጠኑ 100% ይሁን። መጀመሪያ በተራ ወረቀት አትመህ ዲፕ አይሲ (ባለ ሁለት ረድፍ እግር ቺፕ) አስቀምጥበት፤ የእግሮቹ ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ስለሆነ ስህተት ወዲያው ይታያል።

ፎቶ ኮፒ ቤት የጥራዝ ሽፋን ፕላስቲክ ልጠቀም ካሉህ እምቢ በል፤ ማሽኑ ውስጥ ይቀልጣል። ለሌዘር የተሠራ ትራንስፓረንሲ ይሁን።

ፊልሙን ለማጠንከር ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ደግሞ ምን ያደርግልሃል? የድሬ ፀሐይ እያለ! ኔጋቲቩን ቦርዱ ላይ አድርገህ መስታወት ጫንበት፤ መጀመሪያ ግን ፊልም በለጠፍክበት ቁራጭ ቦርድ ላይ ካርቶን በትንሽ በትንሹ እያንሸራተትክ ፀሐይ ላይ የሚቆይበትን ሰዓት ለይ። ከዚያ የፊልሙን የላይኛውን ላስቲክ ልጠህ 10 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠህ እጠበው። የተረፈውን ፊልም በጥቁር ፌስታል ጠቅልለህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል።