ቡጋንቪላው ከግድግዳው ምን ያህል ይራቅ?

እህቴ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በሠራችሁት አዲስ ቤት ግድግዳ ሥር ቡጋንቪላና ጽጌረዳ ብተክል መሠረቱን ይጎዳብኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ባለቤትሽም ሥሩ ቤቱን ይሰነጥቀዋል ብሎ ሰግቷል። ትከዪ፣ ግን ራቅ አድርጊው። እሱ ሥሩን ነው የፈራው፤ እኔ የምፈራው የውሃ ጎማውን ነው።

ከዚራ ሰፈር አንዲት ጎረቤታችን ጽጌረዳዎቿን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ተክላ ማታ ማታ ጎማውን ለቃ ትገባ ነበር። ልስኑ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ጨው አወጣ። ቀለሙ ተላጠ፣ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር መቼም ታውቂዋለሽ። ርጥበቱ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ሲደርቅ ጨዉን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። እሷ ደግሞ በላዩ ቀለም ትቀባለች! ውሃው እስካልራቀ ድረስ ብር ማባከን ነው።

ልኩን ልንገርሽ። ለትንንሽ አበባ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ለቁጥቋጦ ሲያድግ የሚኖረውን ስፋት ለሁለት አካፍዪና 30 ሴንቲ ጨምሪበት። 2 ሜትር የሚሰፋ ቡጋንቪላ 1 ሜትር ከ30 ይራቅ ማለት ነው። ማርሻፔዴ (ቤቱን የሚዞረው የሲሚንቶ መሄጃ) ካላችሁ ከእሱ ውጪ ይሁን። ኒምና ዋርካ ግን ከቤቱ አጠገብ አይታሰቡም። ሥራቸው የተሰነጠቀ ቱቦ ካገኘ ገብቶ ይደፍነዋል።

የአበባ መደቡ አፈር ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ ይበል፣ ተዳፋቱም ወደ ግቢው ይሁን። አፈር ግድግዳው ላይ ከተቆለለ ምስጥ ተደብቆ ይወጣበታል፤ በርና መስኮቱ ጋ ሲደርስ ነው የምታዪው።

በምዕራብ በኩል ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ እሳት ነው። ጽጌረዳውን ወደ ምሥራቅ አዙሪው። ቡጋንቪላ ፀሐዩን ይወደዋል፤ እንዲያውም ሥር ከያዘ በኋላ ውሃ ስታበዢለት ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ጠማ ሲለው ነው የሚያብበው። ለመሠረቱም ለአበባውም የሚበጀው ያው አንድ ነገር ነው። እሾኹ ደግሞ ለሌባ ጥሩ ነው።

ችግኝ ሻጮች ኦሊያንደር ካቀረቡልሽ፣ ልጆች ወይም ፍየል ካሉሽ ይቅርብሽ፤ ቅጠሉም አበባውም መርዝ ነው። በማሰሮ የምትተክዪ ከሆነ ከሥሩ ያለው ሰሃን ውሃ አይቋጥር። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ድሬን ያስተኛት የደንጌ ትኩሳት፣ አስተላላፊ ትንኙ የሚፈለፈለው እንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ነው።

ተከላውን ከሐምሌው ዝናብ ጋር አስኪጂው። ከመቆፈርሽ በፊት ግን ቱቦው በየት በየት እንደሚያልፍ ግንበኛውን ጠይቂው፣ ስልኩን ሳይቀይር።