ኤም 35 ከጨረታ ልትገዛ ላሰብከው ወንድማችን

ወንድማችን፣ ጥያቄህን አየሁት። «ከአሜሪካ ጦር ጨረታ ባለ አስር ጎማውን የጭነት መኪና ኤም 35ኤ2ን ልገዛ ነው። መሬቴ ላይ እንጨት አመላልስበታለሁ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ አወጣዋለሁ። ሞተሩ እንዴት ነው?» ብለሃል። እኔም ይሄንኑ መኪና መሬቴ ላይ እሠራበታለሁ። ሞተሩን ለጊዜው ተወው። ናፍጣም የአውሮፕላን ነዳጅም እንዲያቃጥል ተብሎ የተሠራ ሞተር ነው፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን ከጠበቅክለት አያስቸግርህም። ሰውን የሚያስለቅሰው ወረቀቱ ነው።

1. ኤስኤፍ 97 ከሌለው አትጫረት። መንግሥት መኪናውን ለሚገዛው ሰው የሚሰጠው፣ ታይትል (የባለቤትነት ደብተር) የምታወጣበት ወረቀት ይሄ ነው። አንዳንዱ መኪና በሽያጭ ደረሰኝ ብቻ ይሸጣል። አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ከመንገድ ውጪ ብቻ» ተብሎ ይመጣል። ሀምቪ የሚባለው የጦሩ መኪና እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ለሕዝብ ጨረታ ሲወጣ እንዲህ ተብሎ ነበር የተሸጠው። ሰዉ ተሻምቶ ገዛ፤ ከዚያ ታርጋ ፍለጋ ከስቴት ስቴት ተንከራተተ። የጨረታው ገጽ ላይ የትኛው ወረቀት እንደሚሰጥ ተጽፏል። ፎቶውን ከማየትህ በፊት እሱን አንብብ። ወረቀቱም የሚመጣው ከከፈልክ በኋላ ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያ መኪናው ግቢህ ይቆማል፣ መንገድ ላይ ልትነዳው አትችልም።

2. ቁጥሩን አመሳክር። ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። እሷ ላይ ያለው ቁጥርና ኤስኤፍ 97 ላይ ያለው በአንድ ፊደል እንኳ መለያየት የለባቸውም። እዚህ ጋ የኔን ታሪክ ልንገርህ፣ አንተንም ይኸው ሊገጥምህ ይችላል።

እዚህ አገር ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ ቁጥር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። የኔ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፣ ቁጥሩ አጭር ነው። የምዝገባ ቢሮዋ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው፣ አልቀበልም አላት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ይሄ የመኪና ቁጥር አይደለም፣ ትክክለኛውን ይዘህ ና» አለችኝ። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጄ ይዤ! ላስረዳት ስጀምር ቀጣዩን ተራ ጠራች። አነጋገሬን ሰምታ ነው የናቀችኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ከኔ ቀጥሎ የቆመው ሰውዬ አሮጌ ትራክተር የሚጎትት ጋሪ ሊያስመዘግብ መጥቶ «እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» ተባለ።

ዝም አላልኩም። የዚያኑ ስቴት ደንብ ከድረ ገጻቸው አተምኩ። ከ1981 በፊት የተሠራ መኪና በራሱ ቁጥር እንደሚመዘገብ የሚለውን መስመር አሰመርኩበት። የሰሌዳዋን ፎቶ በትልቁ አሳተምኩ። ፖሊስ ቁጥሩን አይቶ የሚፈርምበት ቅጽ አለ፣ እሱንም አስሞላሁ። ከዚያ ተመልሼ ሄጄ «ኃላፊሽን ጥሪልኝ» አልኳት። ኃላፊው ወረቀቶቹን አገላብጦ እዚያው ቆሜ ታይትሉን አስወጣልኝ። እኛ ሰፈር ከኔ በኋላ የገዙት ሁሉ ያንን ፋይል ነው እያባዙ የሄዱት። ስለዚህ መጀመሪያ ስትሄድ ሁሉንም ይዘህ ሂድ። ደግሞ አትለማመጣቸው፣ ደንቡን አሳያቸው።

3. ፍሬኑ። እዚህ ጋ አደራ እልሃለሁ። ይሄ መኪና ባዶውን ወደ 13,000 ፓውንድ ይመዝናል። ስድስቱም የጎማ ቦታዎች የሚያዙት በአንድ የፍሬን መስመር ነው። የታመቀው አየር ፔዳሉን ያግዛል እንጂ ሁለተኛ መስመር የለውም። አንድ ጎማ ጋ ያለች ቱቦ ከፈነዳች ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አለቀ። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው የካርዳኑን መስመር ነው፣ ለማቆሚያ ነው የተሠራው። እኔ ታርጋ ሳልለጥፍበት ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርኩ። ማስተሩንም (ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን) ባለ ሁለት መስመር አደረግሁት፤ ለዚሁ መኪና ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አለ። የፍሬን ዘይቱንም ዓይነት ጠይቅ። ጦሩ በኋላ ላይ የተጠቀመው ሲሊኮኑን፣ ዶት 5ን ነው። ከተራው ዶት 3 ጋር አይደባለቅም። የኔን ስከፍተው አንዱ መካኒክ ደባልቆበት ውስጡ ጭቃ ሆኖ አገኘሁት። ያንን መካኒክ ማንም አይጠይቀው፤ እኔ ግን ሚስቴንና ልጆቼን ጋቢና ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ጎማው ደግሞ በቀለበት የሚታሰር ቸርኬ ነው። አገር ቤት ጎሚስታ አጠገብ ያደገ ሰው ቀለበት ሲወረወር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እዚህ ብዙ ጎማ ቤት አልነካም ይልሃል፣ ልክ ናቸው። የከባድ መኪና ጎማ ቤት ፈልግ፣ በብረት ቀፎ ውስጥ አድርገው ይንፉልህ። ግቢህ ውስጥ በኮምፕረሰር እንዳትሞክረው።

ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ በተከታታይ። የቤት መኪናህን ገመድ አምጥተህ አታስነሳው። መሪው እገዛ የለውም፣ ክንድህ ይለምዳል። ፍጥነቱ ቢበዛ 55 ማይል ነው፤ ፍሪዌይ ላይ አታስበው። ኢንሹራንስ ተራዎቹ ድርጅቶች እምቢ ይሉሃል፣ የቆዩ መኪኖችን የሚሸፍኑትን ጠይቅ። የጦሩን የጥገና መመሪያ መጽሐፍ ቲኤም 9-2320-361-20 ብለህ ፈልገው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። እያንዳንዱ ቡሎን በሥዕል አለ። እኔ መካኒክ ሳልሆን ፍሬኑን ራሴ የፈታሁት በሱ ነው።

ጨረታው መቼ እንደሚዘጋ አልጻፍክም። ሊንኩን እዚህ ለጥፈው፤ ወረቀቱ የሚለውን ማታ ከሥራ ስመለስ አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ዋጋ አታስገባ።