የእህትህ ብር ለምን በስድስተኛው ሳምንት ያልቃል?

ጥያቄህን በአጭሩ ላስቀምጠው፤ ሌሎችም ስለሚያነቡት። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነህ። ሪያድ የምትሠራው ታላቅ እህትህ በየሦስት ወሩ 15,000 ብር ትልክልሃለች። ዘንድሮ ከካፌ፣ ከግቢው የተማሪዎች መመገቢያ፣ ወጥተህ ነን ካፌ ሆነሃል፤ በምግቡ ፋንታ ብር ትቀበላለህ ማለት ነው። «ብሩ በገባ በስድስተኛው ሳምንት ባዶ እጄን እቀራለሁ፤ የቀረውን በዱቤና በብድር ነው የምገፋው» ብለሃል። ወጪህን እንዴት እንደምትቆጣጠር፣ በስልክ የሚሰጠውን ብድር መውሰድ ይሻል እንደሆነ፣ ከተማ ውስጥ ያገኘኸውን ልጆች የማስጠናት ሥራ ብትጀምር ትምህርትህን ይጎዳብህ እንደሆነ ጠይቀሃል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ኢንተርንሽፕ የሚል ቃል ግን አጣሁበት። በሚመጣው ዓመት ከግቢ ወጥተህ አንድ መንፈቅ ድርጅት ውስጥ ትሠራለህ። የሙያ አማካሪ ነኝና ስለ ገንዘብ ለሚጽፍልኝ ተማሪ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከግቢ የምትወጣው መቼ ነው?» የሚል ነው። ግቢ ውስጥ ሳለህ ኪስህ ባዶ ቢሆን እንኳ ዶርም አለህ፣ ክሊኒክ አለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መብራት አለ። ከበሩ ስትወጣ ሁሉም በብር ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትወጣለህ፤ አንዴ ለኢንተርንሽፕ፣ አንዴ ተመርቀህ የመጀመሪያ ደመወዝህን እስክትቀበል። ዛሬ የምታወጣው በጀት ለእነዚህ ሁለት ጊዜያት ካልሆነ፣ ሻይ በመቀነስ ብቻ የትም አትደርስም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 15,000 ብር በስድስት ሳምንት ማለቅ ማለት በሳምንት 2,500 ብር ማውጣት ነው። ሦስት ወር ግን 13 ሳምንት ነው። ብሩ በገባበት ዕለት፣ ላውንጅ ሳትገባ፣ 3,000 ብር ወደ ሌላ ሂሳብ አዛውር። የቀረው 12,000 ለ13 ሳምንት ሲከፈል በሳምንት 900 ብር ይደርስሃል፤ 300 ብርም ይተርፋል። ያችን 300 ለመድኃኒት ያዛት። ከዩኒቨርሲቲው የሚሰጥህ የነን ካፌ ብር ለምግብ ብቻ ነውና ከዚህ ሂሳብ ጋር አትደባልቀው። ሳምንቱ የሚጀምረው ሰኞ ይሁን፤ አርብ ከጀመርክ ቅዳሜና እሁድ ይበሉታል።

«900 ብር ምን ያደርግልኛል?» ትለኝ ይሆናል። እንደ ካፌ ሰው ከኖርክ ያደርጋል፣ አሁን እንደምትኖረው ከኖርክ አያደርግም። ስለዚህ ከካፌ ስለመውጣትህ እናውራ፤ ትልቁ ቀዳዳ እዚያ ነውና።

የካፌው ወጥ ለምን እንደሰለቸህ ማስረዳት አይጠበቅብህም፤ ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ለጨጓራ ሕመም ብለህ ከሆነ የወጣኸው ደግሞ ይህን አንቀጽ ዝለለው። ችግሩ የነን ካፌ ብር የሚመጣው ሲመጣ ነው፤ በብዙ ግቢ ይዘገያል። ረሃብ ግን በቀን ሦስቴ በሰዓቱ ይመጣል። ብሩ የዘገየ ወር የእህትህን ብር ትበላለህ፣ ዘግይቶ አንድ ላይ ሲገባ ደግሞ ትርፍ ያገኘህ ይመስልሃልና ጓደኛ ትጋብዛለህ። ከላክህልኝ የወጪ ዝርዝር ውስጥ «ግብዣ» የሚለው ሦስት ቦታ ላይ አለ። እኔ የምመክርህ በሚቀጥለው መንፈቅ የምዝገባው ቀን ሳያልፍ ወደ ካፌ እንድትመለስ ነው። ከሳምንቱ 900 ብር ላይ ለእንቁላል፣ ለዳቦና ለአቮካዶ መድብ። ቤተሰብ ጠይቀህ ስትመለስ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይዘህ ና። ይህ የፍሬሽ ተማሪ ነገር ነው ብሎ የሚያፍር አለ፤ የሌሊት ጥናት ላይ ግን ሁሉም ያንተን በሶ ፍለጋ ይመጣል። አልመለስም ካልክ ቢያንስ በየቀኑ መግዛትህን ተውና ግቢው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ጋር በወር ኮንትራት ብላ። ብሩ እንደገባ ከፍለህ ከጨረስክ ምግቡ ከእጅህ አይወጣም።

የካፌ ምግብ ነጻ ነው የሚል ሐሳብ ካለህም አውጣው። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ምግቡና ማደሪያው ሙሉ ዋጋቸው፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በስምህ ይመዘገባል። በየዓመቱ ትፈርምበታለህ። ሥራ ስትይዝ በየወሩ ከደመወዝህ 10 በመቶ ይቆረጣል። 10,000 ብር የሚከፍል ሥራ አገኘህ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት 1,650 ብር ለግብር፣ 7 በመቶው ማለትም 700 ብር ለጡረታ፣ 1,000 ብር ለወጪ መጋራት ይሄዳል። እጅህ የሚገባው 6,650 ብር ነው። አሁን በሳምንት 2,500 እያወጣህ በወር ከ10,000 በላይ ብር ትጨርሳለህ፤ ተመርቀህ፣ ሠርተህ፣ የቤት ኪራይ ከፍለህ የምትኖርበት ብር ግን ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር ጽፈህ መቆለፊያህ ላይ ለጥፈው፤ ስለ መጀመሪያ ደመወዝ የሚወራውን ሁሉ ከዚህ ጋር እያስተያየህ ስማ።

የስልኩን ብድር በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ለምግብ አትበደር። የቴሌብር ብድሮች፣ መላም ሆነ እንደኪሴ፣ ገቢ ላለው ሰው፣ መቼ እንደሚመልስ ለሚያውቅ ነጋዴ፣ መጥፎ አገልግሎት አይደለም። አንተ ግን ቀጣዩ ብርህ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ክፍያው ይቆጥራል፤ ብር ሲገባ መጀመሪያ ዕዳው ይነሳል፤ አዲሱን ሦስት ወር ጎዶሎ ትጀምረዋለህ። ይልቅ ለዶርም ጓደኛህ ያበደርከው 3,500 ብር አለ ብለሃል። በ900 ብር ሂሳብ ያ ብር አራት ሳምንት የሚጠጋ ኑሮ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና ዛሬ ማታ ጠይቀው። በአንዴ መመለስ ካልቻለ በየሳምንቱ 500 ይክፈልህ። እህትህ ሰው ቤት ሠርታ የላከችውን ብር መጠየቅ ነውር አይደለም።

«አልፎ አልፎ» ያልከው የኳስ ውርርድ ደግሞ አልፎ አልፎ አይመስልም፤ በዝርዝርህ ውስጥ በየቅዳሜው አለ። የውርርድ ቤቶቹ የሚከፍሉት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ከተሸናፊዎች ኪስ ነው የሚወጣው። ይቁም።

የምታስቀምጠው 3,000 ብር የት ይቀመጥ? በስልክህ የማታንቀሳቅሰው፣ ካርድ ያልወሰድክበት የቁጠባ ሂሳብ ክፈት። ወለዱ 7 በመቶ አካባቢ ነው፤ የገበያው ዋጋ ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ ስለዚህ ሀብታም ያደርገኛል ብለህ አይደለም የምታስቀምጠው። ወረፋ ይዘህ ካልሆነ እንዳታወጣው ነው። የዶርም እቁብ ካላችሁም ጥሩ ነው፤ ዕጣው ግን ከኢንተርንሽፑ በፊት እንዲወጣልህ ከአሁኑ ተነጋገር።

እስከ ኢንተርንሽፕ ድረስ እህትህ ሦስት ጊዜ ትልካለች ብንል 9,000 ብር ይኖርሃል። ይህ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይተህ መንፈቅ አያኖርህም። እዚህ ላይ ነው ገንዘብና ሙያ የሚገናኙት። ብዙ ተማሪ ትልቅ ስም ያለው ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ያገኛል፣ ኪራይና ታክሲ ሲያደክመው ግን ግማሹን ጊዜ ይቀርና ፊርማ ለማስፈረም ብቻ ይመጣል። ሲጠየቅ ምን እንደሠራ አያውቅም። አንተ ከአሁኑ ሁለት ዝርዝር አውጣ። አንደኛው ዘመድ ያለህባቸው ከተሞች፣ ሁለተኛው በእነዚያ ከተሞች ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች፣ የመንገድና የግንባታ ፕሮጀክቶች፣ የውሃና የመብራት መሥሪያ ቤቶች። አክስትህ ኮምቦልቻ ወይም አዳማ ካለች፣ እሷ ዘንድ እያደርክ በየቀኑ የምትገባበት መካከለኛ ፋብሪካ፣ ሳምንት ሙሉ የማትታይበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ይበልጥብሃል። ማሽኑን ነክተህ፣ ሥዕሉን አንብበህ፣ ከፎርማኑ ጋር ተግባብተህ ከወጣህ በኋላ የሥራ ማመልከቻህ ላይ የምትጽፈው ነገር አለህ። የዩኒቨርሲቲህ የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ለኢንተርንሽፕ የሚሰጠው የትራንስፖርት ወይም የኪስ ገንዘብ እንዳለም አሁኑኑ ሄደህ ጠይቅ፤ ከግቢ ግቢ ይለያያል። ቢኖርም ቶሎ ይደርሳል ብለህ አትመን።

ሁለተኛው መውጫ ይበልጥ ውድ ነው። ጂሲ (ተመራቂ) ስትሆን ቲሸርቱ፣ መጽሔቱ፣ ፎቶው፣ ሱፉና የቤተሰብ ጉዞ በሁለት ወር ውስጥ ይደራረባሉ። ማንም እንዳትመረቅ አይልህም። ሱፉን ግን ለቃለ መጠይቅ እንዲሆን አድርገህ አሰፋ፤ የሚያብለጨልጨውን ለሙሽሮች ተውላቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ የሆነው የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ካላለፍክ ዲግሪው አይሰጥህም፤ እስከ ቀጣዩ ፈተና ያለ ገቢ ትጠብቃለህ። በጀትህ ላይ ከምግብ ዋጋ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነውና ገንዘብ ለማግኘት ብለህ ጥናት አትቀንስ።

ቴምፖህን (ጊዜያዊ ዲግሪህን) ይዘህ ሥራ ፍለጋ ስትወጣ የሚያስወጣህ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ትንንሹ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ ለፈተና ከከተማ ከተማ መሄድ። ድሮ አራት ኪሎ ቆሞ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ መቅዳት ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በቴሌግራም ይመጣል፤ ይህኛው ርካሽ ነው፤ አጭበርባሪም ግን በዝቶበታል። ሳይቀጥርህ «የመመዝገቢያ» ወይም «የሥልጠና» ብር የሚጠይቅህን አትስማ። እህትህ እስከ ምርቃትህ ትልክልሃለች፤ ከተመረቅክ በኋላ ግን «አሁንማ ራሱን ቻለ» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ለመጨረሻው ዓመት የምታስቀምጠው ብር ቢያንስ ሦስት ወር የሥራ ፍለጋ እንዲሸፍን አስብ።

ከእህትህ ጋር መነጋገር ፈርተሃል፤ «ብሩ እንደማይበቃኝ ከነገርኳት ታዝናለች» ብለሃል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እዚያ ያሉት እህቶቻችን የሚልኩት ሪያል ብዙ ብር ስለሚመነዘር የበቃን ይመስላቸዋል። የዘይቱና የዳቦው ዋጋም አብሮ እንደወጣ ካልነገርካት አታውቅም። ጭማሪ ግን አትጠይቃት። እንዲህ ብለህ ብትጽፍላትስ? «እህቴ፣ ከላክሽልኝ ላይ በየጊዜው 3,000 እያስቀመጥኩ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ለኢንተርንሽፕ ከግቢ ስለምወጣ ለኪራይ ይሆነኛል። እስካሁን በአግባቡ አልያዝኩትም ነበር። ደረሰኙን በየሦስት ወሩ እልክልሻለሁ።» ደረሰኙን መላክህን አትርሳ።

የማስጠናቱን ሥራ ውሰደው፤ ግን እነሱ በጠየቁህ መጠን አይደለም። በሳምንት አራት ቀን ብለዋል፤ አንተ ሁለት ቀን በል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት። በውርርድ ታሳልፈው የነበረውን ቅዳሜም ይይዝልሃል። በሚድና በፋይናል ሳምንት እንደማትመጣ ከወላጆቹ ጋር አስቀድመህ ተስማማ። ትራንስፖርቱ በእነሱ ይሁን፤ ክፍያው በወሩ መጨረሻ ይሁን። የ12ኛ ክፍል ሂሳብና ፊዚክስ ማስረዳት ራስህንም ያነቃሃል፤ ለሥራ ማመልከቻህም ልምድ ነው፤ ስንት ተማሪ፣ ምን ትምህርት፣ ለስንት ወር እንዳስተማርክ ከአሁኑ መዝግብ። ከዚያ የምታገኘው ሙሉውን ወደዚያ ካርድ ወደሌለው ሂሳብ ይግባ፤ ከሳምንቱ 900 ብር ጋር አይቀላቀል። ነጥብህ በዚህ መንፈቅ ከወረደ ግን አንዱን ቀን ተው፣ የእሁዱን።