የባለሙያ ምክር፦ አባትዎን ጢም ያስበቀለው ሰማያዊ ቀለም

አንባቢያችን የአባታቸውን ፎቶ ደብሊው-ፒ-ኤ-ፒ በሚባለው፣ ፊትን ማዕዘን ባላቸው ደማቅ የቀለም ቁራጮች በሚገጣጥመው የኢንዶኔዥያ ፖፕ አርት ስልት በኢሉስትሬተር ፕሮግራም ሠርተው 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ካንቫስ ላይ አሳትመዋል። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ቦታቸውን አልሳቱም፤ ሥዕሉ ግን አባታቸውን አይመስልም። ጢም የሌላቸው ሰው አገጫቸው ላይ ጢም ያበቀሉ ይመስላሉ። በቁራጮቹ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጭ መስመሮች ይታያሉ፤ ማተሚያ ቤቱ ላስተካክል ብሎ ጭራሽ አባብሶታል። ሰማያዊው ሲታተም ሐምራዊ ሆኗል። «የቁራጮቹን መስመር እንደገና ከዜሮ ልጀምር ወይ? ሥዕሉን የሚከላከለውን ቫርኒሽስ ቤት ውስጥ ብነፋው?» ይላሉ።

ቫርኒሹን አስቀድሜ ልመልስ፦ ቤት ውስጥ አይነፋም። ዝርዝሩን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መስመሩንም እንደገና አይጀምሩ። የፊቱ ክፍሎች ቦታቸውን ካልሳቱ በፔን ቱል (በመስመር መሣያው) የሠሩት ሥራ ደህና ነው። ጥፋቱ የቀለሞቹ ብሩህነት ላይ ነው፤ ያጋለጠውም ጢሙ ነው፤ አገጩ ላይ ብርሃን ባረፈበት ቦታ ደማቅ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ አስገብተዋል ብዬ እገምታለሁ። ከአፍንጫው ሥር ያለውን ጥላ ቢያዩት ደግሞ ቢጫ የምናገኝ ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ሥራውን ፎቶሾፕ ውስጥ ይክፈቱ፤ ከላዩ ጥቁር የተሞላ ሌየር (ንብር) ያድርጉና የሌየሩን ሞድ «ከለር» ላይ ያድርጉት። ከጎኑ ዋናውን ፎቶ በጥቁርና ነጭ ያስቀምጡና ያነጻጽሩ። በሺፍት፣ ኮንትሮልና ዩ ቀለሙን አጥፍቼ አያለሁ እንዳይሉ፤ ያ ትእዛዝ ንጹሕ ቢጫንና ንጹሕ ሰማያዊን አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚያደርጋቸው ጥፋቱን ይደብቅብዎታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የስልቱ ምሥጢር ያለው እዚሁ ነውና። ዓይናችን ሦስቱን የስክሪን ቀለሞች እኩል ብሩህ አድርጎ አያይም። ነጭን 100 ብንል አረንጓዴው ወደ 59፣ ቀዩ ወደ 30፣ ሰማያዊው ወደ 11 ያዋጣል። ቢጫ የቀይና የአረንጓዴ ድምር ስለሆነ 89 ይደርሳል፤ ሲያን (ውኃ ሰማያዊ) 70፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደማቅ ሮዝ) 41። ስለዚህ ንጹሕ ቢጫ ከንጹሕ ሰማያዊ ስምንት እጥፍ ያህል ይበራል፤ ሁለቱም በቀለም ሰሌዳው ላይ እኩል «ደማቅ» ቢመስሉም። ፊትን ፊት የሚያሰኘው የብርሃንና የጥላ ቅደም ተከተል ነው። እሱ ከተጠበቀ ግንባር አረንጓዴ ጉንጭ ብርቱካናማ ቢሆን ማንም ሰውየውን አይስተውም። የስልቱ ጀማሪ ዌዳ አብዱል ራሺድ፣ የቺሬቦን ተወላጅና ጃካርታ ይታተም የነበረው «ሃይ» መጽሔት ሠዓሊ፣ በ1990 ገደማ (እ.ኤ.አ.) ወደዚህ የዞረው ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ዓይኑ ደክሞ የቆዳን ረቂቅ የቀለም ሽግግር እንደ ቀድሞው መሥራት ስላስቸገረው ነው። የቆዳን ቀለም ተወ፣ ኩርባ መስመርን ተወ፤ የብርሃኑን ደረጃ ግን አልነካም። እርስዎ የነኩት እሱን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ዋናውን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ያድርጉና በፖስተራይዝ ትእዛዝ ወደ 6 የብርሃን ደረጃ ያውርዱት። ለየደረጃው ሦስት አራት ቀለም ይመድቡ። ለብሩሁ ነጭ፣ ቢጫና ፈዛዛ ሮዝ፤ ለሁለተኛው ሲያንና ፒች፤ ለሦስተኛው ብርቱካናማና ደማቅ አረንጓዴ፤ ለአራተኛው ማጀንታ፤ ለአምስተኛው ቀይና ወይን ጠጅ፤ ለመጨረሻው ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር። ከዚያ «ሴሌክት፣ ሴም፣ ፊል ከለር» ብለው አንድ ቀለም ያላቸውን ቁራጮች ባንዴ ይምረጡና የተሳሳቱትን ብቻ ይቀይሩ። ጎን ለጎን ያሉ ቁራጮች ደረጃቸው አንድ ከሆነ ቀለማቸው ይለያይ። የዓይን ነጩን ክፍል ንጹሕ ነጭ አያድርጉት፤ ሁለተኛው ደረጃ ይበቃዋል። ነጩን ለብሌኑ ነጸብራቅ ያስቀሩለት፤ እሱም ቢሆን ማዕዘን ያለው ትንሽ ቁራጭ ይሁን እንጂ ክብ አይሁን።

ነጭ መስመሮቹን በተመለከተ፣ 6400 በመቶ ድረስ ያጉሉ። መስመሩ ቀጭን እንደሆነ ከቀረ ስክሪኑ ጠርዝ ሲያለሰልስ የፈጠረው ነው፤ እየሰፋ ከሄደ እውነተኛ ክፍተት ነው። ክፍተቱን በኮንትሮልና ዋይ (መስመሩን ብቻ በሚያሳየው እይታ) ፈልገው፣ ስማርት ጋይድ (ነጥብን ከነጥብ ለማጋጠም የሚረዳውን መሪ) አብርተው፣ ነጥቡን ከጎረቤቱ ነጥብ ጋር ያጋጥሙ። ስክሪኑ ለሚፈጥረው መስመር ደግሞ የፊቱን ቁራጮች ሁሉ ኮፒ አድርገው፣ ቅርጾችን በሚያዋህደው ፓዝፋይንደር አንድ ያድርጓቸው፣ መካከለኛ ቀለም ይሙሉና ከሥር ይስደዱት፤ ለፀጉሩም እንዲሁ ለብቻው።

ማተሚያ ቤቱ ያደረገው ግን ያሳዝናል። ሁሉም ቁራጭ ላይ 2 ፖይንት ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) መጨመር ጥገና አይደለም! ግማሹ ወደ ጎረቤት ቁራጭ ይገባል። በኤ4 የተሠራ ፋይል ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲለጠጥ ይህ በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የዓይን ጥግና የከንፈር ጫፍ በዚህ ይበላሉ፣ ሹል ማዕዘኖችም እንደ እሾህ ይወጣሉ። ስትሮኩን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

ለኅትመት ቀለሙን ገና ከጅምሩ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለሞች፣ በሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ይምረጡ። ሰማያዊ ሐምራዊ የሚሆነው ማጀንታው ሲያኑን ሲጠጋው ነው፤ ማጀንታውን ከሲያኑ ቢያንስ በ30 ነጥብ ያሳንሱት፤ ሲያን 100 ማጀንታ 60 ጥሩ ነው። ፋይሉን በፒዲኤፍ ይስጡ። ምስል ካልሆነ አንቀበልም ካሉዎት በ150 ፒክስል በኢንች 3543 በ4724 ይሁን፤ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፣ አለበለዚያ ያሳንሰዋል። ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት በዚያው ካንቫስ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የቀለም ናሙና ያስወጡ። በርካሽ የሚሞላ ቀለም የሚጠቀም ቤት ናሙና አልሰጥም ካለ ሌላ ቤት ይሂዱ፤ ያ ቀለም ፀሐይ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከዳው ማጀንታው ነው።

ቫርኒሹ፦ ደጅ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ማስክ አድርገው፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው ሁለት ጊዜ ስስ አድርገው ይንፉ። ከቆርቆሮው የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ከሰል የተያያዘበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ አጠገብ ፈጽሞ አይነፋም፤ መስኮት ከፍቻለሁ ማለት አይበቃም። ደጅ ከሌለዎት በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ በብሩሽ ይቀቡ። 24 ሰዓት ይድረቅ፤ መጠቅለል ካለበትም ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይሰነጠቃል።