674 ደረጃና አንድ መቁጠሪያ

የመንገደኛ ጥያቄ
ዓምደኛችን ፓሪስ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ 17 ዓመቱ ነው። የዚህ ወር ጥያቄዎች ሦስቱም ስለ ኤፍል ታወር ሆነው አግኝቷቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 61። ልጄ ፓሪስ ነው የምትኖረው። በመስከረም መጨረሻ ልሄድላት ነው፤ ቪዛውም እጄ ገብቷል። ታዲያ «ኤፍል ታወር ላይ ሳላወጣሽ አትመለሺም» ብላ ይዛኛለች። እኔ ደግሞ ግራ ጉልበቴን ያመኛል፣ ከፍታም ያዞረኛል። ታች ቆሜ ፎቶ ብነሳ ምን ይጎድልብኛል? መውጣቴ ካልቀረስ በደረጃ ይሻለኛል በሊፍት? እስከ ጫፍ ነው ወይስ እስከ መሃል?
አ. መ.፣ ከገርጂ

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። ጫፉ ይቅርብዎ። ሁለተኛው ፎቅ ይበቃዎታል። ታች ቆሞ መቅረቱን ግን አልስማማበትም።

በሥሩ በቀን ሦስት አራቴ አልፋለሁ። ግን ዘመድ ካልመጣብኝ አልወጣም። የአዲስ አበባ ሰው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የሚገባው እንግዳ ሲመጣበት አይደል? የኔም እንደዚያው ነው። በ17 ዓመት የወጣሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ከባለቤቴ ዘመድ ጋር ነበር። ከቨርጂንያ መጥቶ «ጫፍ ካልደረስኩ ፓሪስ ሄድኩ አልልም» አለ። ዘግይተን ስለነበር የማማው ድረ ገጽ ላይ ትኬት አልቋል። ሌላ ቦታ በእጥፍ ዋጋ ገዛን። ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ ሊፍት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ለጫፉ ሊፍት ሌላ ሰልፍ። 276 ሜትር ላይ ስንደርስ ያየነው ጉም ነው። የራሳችንን እጅ ብቻ ነበር የምናየው። ጉም ለማየት ከሆነ ደብረ ሲና በነፃ አለ።

ሦስተኛውን ልዝለለው። ልጄ ሊፍት ውስጥ አስታወከ።

ሁለተኛውን ግን ልንገርዎት፣ ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው። አክስቴ ከደብረ ሲና አካባቢ መጣች፤ ያኔ 66 ዓመቷ ነበር። ጉልበቷ ከኔ ይሻላል። ሊፍቱን አሳየኋት። እንደ ሕንፃ ሊፍት ቀጥ ብሎ አይወጣም። የማማው እግር ያጋደለ ስለሆነ ሊፍቱም እግሩን ተከትሎ አጋድሎ ነው የሚወጣው። ቆማ አየችውና «ይሄስ ጠጥቷል» አለች። ስለዚህ በደረጃ ሆነ።

ፍተሻ ላይ ቦርሳዋ ተከፈተ። ዳቦ ቆሎ በፌስታል። ጠባቂው አንዱን ፍሬ በጣቱ አንስቶ አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ አስረዳለሁ ስል እሷ እፍኝ ሙሉ ዘግና ሰጠችው። አልወስድም አለ፣ ደንብ ነው። እሷ ደግሞ አልመልስም አለች፣ እሱም ደንብ ነው። ከኋላችን ያለው ሰልፍ መሳቅ ሲጀምር ተቀበላት። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል ያኝካል።

የደረጃው መግቢያ በደቡብ በኩል ባለው እግር ነው። እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ አለ። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታጠቀች። መቁጠሪያዋን አወጣች። አንድ ደረጃ፣ አንድ ፍሬ። መቁጠሪያው 41 ፍሬ ነው፤ አንድ ዙር ሲሞላ ቆም ብላ «እሺ» ትላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ጎረምሶች እየሮጡ አለፉን። ትንሽ ቆይተን እኒያኑ ጎረምሶች መታጠፊያው ላይ ተቀምጠው ሲያለከልኩ አለፍናቸው።

እትዬ፣ ሰዎች ወደዚያ የሚሄዱት ለከፍታው ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምወደው ብረቱን ነው። ከታች ሲያዩት ዳንቴል ነው የሚመስለው። ደረጃው ላይ ሲሆኑ ግን ብረቱ መሃል ነዎት። አክስቴ አንድ ቦታ ቆማ መዳፏን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። «ይሄ ሁሉ ቡግር ምንድን ነው?» አለችኝ።

እውነትም ቡግር ይመስላል። ሪቬት ነው፤ ብረትን ከብረት የሚያጣብቅ ምስማር። ማማው ላይ 2.5 ሚሊዮን አለ። እያንዳንዱን ለመምታት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዱ በከሰል ያግላል፣ አንዱ ቀዳዳው ውስጥ ይይዛል፣ አንዱ ራስ ያወጣለታል፣ አንዱ በመዶሻ ይለዋል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሁለቱን ብረት አንድ ላይ ይነክሳል። 18,038 ቁራጭ ብረት እንዲህ ነው የተገጣጠመው። ሥራው በጥር 1887 ተጀምሮ በ31 መጋቢት 1889 አለቀ፤ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከአምስት ቀን። በነገራችን ላይ የመጀመሪያውን ንድፍ የሣሉት ኬሽላንና ኑጊዬ የሚባሉ የኤፍል መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች ናቸው። ስሙን የወሰደው አለቃው ጉስታቭ ኤፍል ነው። ይሄ እኛም አገር ያለ ነገር ነው።

ለአክስቴ 1889 ብዬ ብነግራት ምንም አይገባትም። ስለዚህ በእኛው ነገርኳት። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በሦስተኛ ሳምንቱ ተመረቀ፤ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ ሊጭኑ ሰባት ወር ሲቀራቸው ማለት ነው። ትንሽ አሰበችና «እኛ ሐዘን ላይ ሳለን ነዋ የጨረሱት» አለች። በዚያው ቀን ጉስታቭ ኤፍል ራሱ በእግሩ ወጥቶ ነው ባንዲራ የሰቀለው፤ ሊፍቱ ገና አልደረሰም ነበር። ይሄን ስነግራት ደስ አላት። ከዚያ በኋላ የደከማት ሁሉ ጠፋ።

አንደኛው ፎቅ 57 ሜትር ላይ ነው። ወለሉ ላይ መስተዋት የሆነ ቦታ አለ፤ ከ2014 ጀምሮ ነው። ሰው በላዩ እየተኛ ፎቶ ይነሳል። አክስቴ ጫፉ ላይ ደርሳ እግሯን ሰበሰበች። «መሬት ያልሆነ መሬት አልረግጥም።» አላስገደድኳትም። እርስዎም ከፍታ ካዞረዎት ዳር ዳሩን ይዙሩት፤ ማንም አይስቅብዎትም።

ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ 16 ዙር ከ20 ፍሬ ቆጥራለች። አባዛሁት፤ 676። እነሱ የሚሉት 674 ነው አልኳት። «እንግዲያው ሁለት ደብቀዋል» አለች። እስከ ዛሬ የምታምነው የራሷን ነው።

ይህ ፎቅ 116 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሁሉን በዓይንዎ የሚለዩት ከዚህ ነው። ነጩ የሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን ኮረብታው ላይ፣ የኢንቫሊድ የወርቅ ጉልላት፣ የሴን ወንዝ ላይ የሚሄዱት ጀልባዎች፣ የመኪናው ሰልፍ። ከጫፉ ግን ሁሉም ካርታ ይሆናል። እኔ ካርታ በስልኬም አለኝ። አክስቴ ዙሪያውን አይታ አበቃችና ዳቦ ቆሎዋን አወጣች። «ጥሩ ነው» አለች። «ግን ልጄ፣ እኔ እኮ ከጣርማ በር ቁልቁል እያየሁ ነው ያደግሁት።»

ወደ ጉልበትዎ ልመለስ። ደረጃው ይቅርብዎ። በተለይ መውረዱ ነው ጉልበት የሚበላው፤ ያመመው ሰው ያውቀዋል። በሊፍት ይውጡ፣ በሊፍት ይውረዱ። ሲወርዱ አንደኛው ፎቅ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ይውረዱና ምሰሶዎቹ አጠገብ ይቁሙ። ሪቬቱን በእጅዎ ይንኩት። የደረጃውን ጣዕም በከፊል ያገኙታል። ማዞሩን በተመለከተ ዙሪያው በሙሉ በሽቦ መረብ የታጠረ ነው። ሊፍቱ ውስጥ መሃል ይቁሙና የልጅዎን ፊት እያዩ ያውሯት። መስኮቱን ለሌላው ይተዉለት።

ትኬቱን ልጅዎ ከማማው ከራሱ ድረ ገጽ ትግዛ፣ ቀደም ብላ። ሌላ ቦታ ከሆነ እንደኔ በእጥፍ ነው። የሰዓት ቀጠሮ አለው፤ ፍተሻው ሁለት ቦታ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ጠዋት ይሻላል። ጃኬት ይያዙ፣ ነጠላ ብቻውን ለዚያ ንፋስ አይሆንም። በዋዜማው ዜና ይስሙ፤ ሠራተኞቹ አድማ ይመታሉ። በ27 ታኅሣሥ 2023 ጉስታቭ ኤፍል የሞተበት 100ኛ ዓመት ነበር፤ በዚያችው ቀን አድማ መትተው ማማው ተዘግቶ ዋለ።

ታች ደግሞ ቦርሳዎን በፊት በኩል ያንጠልጥሉ። ሦስት ኩባያ ገልብጠው ኳሷ የት አለች የሚሉ አሉ። የኛው «ቀዩዋን ያየ» ነው። ዙሪያውን ቆመው የሚያሸንፉት ሁሉ የራሳቸው ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ በመጪው ወር ከፍራንክፈርት ለሁለት ቀን ወደ ፓሪስ እሄዳለሁ። ጓደኛዬ ኤፍል ታወርን ማታ ፎቶ ማንሳት በሕግ ክልክል ነው አለኝ። እውነት ነው? ማታ ለማየትስ የት ልቁም?
ሄ.፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሹን ሰምቶ ነው። ማንሳት ትችላለህ፣ ለራስህ ገጽ መለጠፍም ትችላለህ፤ ማንም አይይዝህም። ነገሩ እንዲህ ነው። ማማው ራሱ ማንም የባለቤትነት መብት የማይጠይቅበት ሆኗል፣ ኤፍል የሞተው በ1923 ነው። የማታው መብራት አሠራር ግን እንደ ጥበብ ሥራ ይቆጠራል፣ የፈጠራ መብት አለው። ፎቶውን ለንግድ የምታውለው ከሆነ ነው ፈቃድ የሚያስፈልግህ።

ከጨለመ በኋላ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ 20,000 አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ከወንዙ ማዶ ያለው ትሮካዴሮ አደባባይ ሄደህ አትጋፋ። እኔ ታክሲ ነጂ ሆኜ ይህን መምከሬ ለኪሴ አይጠቅምም እንጂ፣ የምድር ባቡር 6ኛውን መስመር ያዝ። ቢር አኬም ከሚባለው ጣቢያ ወደ ፓሲ ሲሄድ ባቡሩ ከመሬት በላይ ሆኖ ወንዙን ይሻገራል። ወደ ፓሲ የምትሄድ ከሆነ በቀኝ በኩል ቁም። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ ሁለቴ አመላልሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «የኤፍል ታወር ብረት ኢትዮጵያ ውስጥ አለ» ብሎ ተወራርደናል። እኔ የለም ብያለሁ። መያዣው ማኪያቶ ነው። ፍረደን።
ከሐዋሳ

መልስ፦ ተሸንፈሃል።

የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች መሃላቸው ላይ ባለ ስድስት ጎን ጥቁር ነገር አይተሃል? እሱ የኤፍል ታወር ብረት ነው። ማማው ሲታደስ ከላዩ ወርዶ ተቀምጦ ከነበረው አሮጌ ብረት ነው የወሰዱት። በእያንዳንዱ ሜዳሊያ ላይ 18 ግራም አለ፣ ወርቅም ሆነ ብር ሆነ ነሐስ።

ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲያሸንፍ የገባው እኒያ አክስቴ ከሁለተኛው ፎቅ ያየችው የወርቅ ጉልላት ያለበት ኢንቫሊድ ጋ ነው። መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የገባው። ያን ቀን መንገድ ስለተዘጋ ሥራ አልነበረኝም፣ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ስጮህ ድምፄ ጠፋ። ትግስት አሰፋ በማራቶን፣ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር፣ በሪሁ አረጋዊ በ10,000 ሜትር ብር አምጥተዋል።

አራት ሜዳሊያ በ18 ግራም፣ 72 ግራም። ማኪያቶውን ክፈል፤ ድርብ ይሁንለት።