«ኦንሊ» የት ይግባ? መጀመሪያ «ብቻ» የት እንዳለ እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በክሊኒካችሁ በር ላይ ለሚለጠፍ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ «ዘ ክሊኒክ ኦንሊ ትሪትስ ችልድረን ኦን ቱዝደይስ ኤንድ ፍራይደይስ» ብለሽ ጻፍሽ። አለቃሽ «ኦንሊ» («ብቻ») የሚለውን ቃል በቀይ እስክርቢቶ አክብበው «ግልጽ አይደለም» ብለው መለሱልሽ። አንቺ ደግሞ ፈረንጆቹም እንዲህ ነው የሚሉት፣ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው ብለሽ ጠየቅሽ። ሰዋስውሽ ልክ ነው፣ ፈረንጆቹም እንዲህ ይላሉ። ግን አለቃሽም እውነት አላቸው። ለምን እንደሆነ ከራሴ ሥራ ልንገርሽ።

የእርዳታ ፕሮጀክት ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጻፍ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። በሁለተኛው ዓመት ላይ ከአንድ ቀበሌ የልማት ሠራተኛዋ በእጇ የጻፈችው ሪፖርት መጣልኝ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ በሰማያዊ እስክርቢቶ «ለ120 አባወራዎች የስንዴ ዘር ብቻ ተሰጥቷል» ይላል። ማዳበሪያው መጋዘን ስላልደረሰ ገበሬዎቹ ዘሩን ብቻ ይዘው ነበር የተመለሱት። እኔ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው «ዊ ኦንሊ ጌቭ ዊት ሲድ ቱ 120 ሃውስሆልድስ» አልኩ። ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች አንብበው የጠየቁት ስለ ማዳበሪያው አልነበረም። «ለምን 120 ብቻ?» ነው ያሉት። እቅዱ ራሱ 120 ነበር፣ አንድም አባወራ አልቀረም። የቀረው ማዳበሪያ ነው፣ እሱን ግን ከጻፍኩት ውስጥ ማንም አላየውም። የአባወራ ቁጥር ስናስረዳና ደብዳቤ ስንመላለስ ሦስት ሳምንት አለፈ። የማዳበሪያው ነገር ሲነሳ ገበሬው ዘርቶ ጨርሷል። «ዊ ጌቭ 120 ሃውስሆልድስ ኦንሊ ዊት ሲድ» ብዬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ንባብ ይገባቸው ነበር። ይህ ነገር አሁንም ድረስ ይቆጨኛል።

በኋላ ያን ወረቀት መልሼ ሳየው፣ በልማት ሠራተኛዋ አማርኛ ውስጥ ምንም ብዥታ የለም። «ብቻ» «ዘር» ላይ ተለጥፎ ነው የተቀመጠው። አማርኛችን በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነው። «ብቻ» የሚገድበውን ቃል ተከትሎ ይቆማል። «ኦንሊ» ደግሞ ጥሩ ቦታው ከሚገድበው ቃል ፊት ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ የምሠራው እንዲህ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ድምፄን አውጥቼ እለዋለሁ፣ «ብቻ» ከየትኛው ቃል ኋላ እንደመጣ አያለሁ፣ ከዚያ የዚያን ቃል እንግሊዝኛ ፈልጌ «ኦንሊ»ን ከፊቱ አስገባለሁ።

«አልማዝ ፔይድ ዘ ጋርድ 50 ብር» የሚለውን ውሰጂ። «ኦንሊ አልማዝ ፔይድ ዘ ጋርድ 50 ብር» ብትዪ ለዘበኛው የከፈለችው አልማዝ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ አልከፈሉም። «አልማዝ ፔይድ ኦንሊ ዘ ጋርድ 50 ብር» ካልሽ 50 ብር ያገኘው ዘበኛው ብቻ ነው፣ ጽዳቷ አላገኘችም። «አልማዝ ፔይድ ዘ ጋርድ ኦንሊ 50 ብር» ካልሽ ደግሞ ገንዘቡ አንሷል። አንዷን ቃል ከቦታ ቦታ ስታዘዋውሪያት ቅር የሚለው ሰው ይለያያል። «አልማዝ ኦንሊ ፔይድ ዘ ጋርድ 50 ብር» ላይ ግን አንባቢው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ትርጉሞች የትኛው እንደሆነ ራሱ መገመት አለበት። ብዙዎቻችን «ኦንሊ»ን ከግሱ ፊት ማስገባት ስለለመድን የምንወድቀው እዚህ ነው።

ፈረንጆቹም እንዲህ ይላሉ ላልሽው፣ በንግግር ጊዜ ድምፅ ያግዛቸዋል። «አይ ኦንሊ ሃቭ ፋይቭ ሚኒትስ» ሲሉ «ፋይቭ» ላይ ይጫኑታል፣ አድማጩም አይሳሳትም። ፋውለር የሚባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1926 ባወጣው መዝገበ ቃላት፣ ትርጉም እስካልተዛባ ድረስ «ኦንሊ»ን በልማድ ቦታው መተው ነውር እንዳልሆነ ተከራክሯል። እኔም በጽሑፍ መልእክትና በወሬ ላይ አልጨነቅበትም። ሪፖርት፣ ውል፣ የመድኃኒት መመሪያና የበር ማስታወቂያ ግን ድምፅ የላቸውም። አንባቢው ብቻውን ነው የሚያነበው፣ «የቱን ማለትሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።

አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ። በየበሩ የምናየው እንግሊዝኛ «ስታፍ ኦንሊ»፣ «ሌዲስ ኦንሊ» የሚል ነው፤ «ለሠራተኞች ብቻ» እንደምንለው፣ «ኦንሊ» እዚያ ከኋላ ይመጣል። ስህተት አይደለም። አጭር ማስታወቂያ ላይ ወይም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ከኋላ መምጣት ይችላል። መሃል ላይ ከኋላ ስታስገቢው ግን ግራና ቀኝ የሚያይ ቃል ይሆናል፣ ያለፈውን ይግደብ የሚመጣውን አይታወቅም።

አሁን ወደ «ኦልሞስት» እና «ኒርሊ» ልምጣ። እነዚህ ከ«ኦንሊ» የባሰ ይጎዳሉ፤ ቁጥር የሚነኩ ናቸውና። «ዊ ኦልሞስት ሎስት 500 በርድስ» እና «ዊ ሎስት ኦልሞስት 500 በርድስ» ለዓይን አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው «500 ዶሮ ሊሞትብን ነበር» ነው፤ ምናልባት አንድም አልሞተም። ሁለተኛው «500 ገደማ ዶሮ ሞተብን» ነው። አማርኛ ሁለቱን ፍጹም በተለያየ መንገድ ስለሚናገራቸው ለኛ መለየት ቀላል ነው። በሐሳብሽ ያለው «ሊ...ነበር» ከሆነ «ኦልሞስት» ከግሱ ፊት ይገባል፤ «ገደማ» ወይም «ያህል» ከሆነ ከቁጥሩ ፊት። የበሽታ ሪፖርት ላይ ይህን ያምታታ ሰው ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

«ኢቭን» ብዙ አያስቸግርም፣ «እንኳን» የተቀመጠበትን ቃል ፈልገሽ ከፊቱ አድርጊው። «ሃርድሊ» («እምብዛም») ላይ ግን ተጠንቀቂ። አፍራሽነት በውስጡ ስላለ «ኖት» አይጨመርበትም። ዛሬ «ሃርድ» («ጠንክሮ») ከሚለው ጋርም በትርጉም አይገናኝም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለአንድ ጎበዝ ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፍ «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ብላ ነበር። ጠንክሮ ይሠራል ማለቷ ነው፣ የወጣው ግን «ሥራ የሚባል አይነካም» የሚል ነው። ደብዳቤው ሳይላክ አይቼው ተስተካከለ።

«ኦንሊ»ን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አምጥተሽ ጊዜ ወይም ሁኔታ ካስከተልሽ፣ ኋላ ያለው ረዳት ግስ ከባለቤቱ ይቀድማል። «ኦንሊ አፍተር ዘ ሬን ስቶፕድ ዲድ ዊ ስታርት» ይባላል፤ «ዊ ስታርትድ» ብሎ መጨረስ አይቻልም። በጨዋታ መሃል «ብቻ ምን ልበልሽ» የምንለው «ብቻ» ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱን በ«ኦንሊ» አትተርጉሚው።

ወደ ማስታወቂያሽ እንመለስ። አለቃሽ ያዩት ይመስለኛል፣ አንቺ የጻፍሽው ሁለት አማርኛ አለው። አንደኛው «ማክሰኞና ዓርብ ሕፃናትን ብቻ እናክማለን» ነው፤ አዋቂ በእነዚያ ቀናት ባይመጣ ይሻላል ማለት ነው። ሌላኛው «ሕፃናትን የምናክመው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው»፤ ሰኞ ልጇን አቅፋ የምትመጣ እናት ትመለሳለች ማለት ነው። የመጀመሪያውን ከፈለግሽ «ኦን ቱዝደይስ ኤንድ ፍራይደይስ ዘ ክሊኒክ ትሪትስ ኦንሊ ችልድረን» በዪ። ሁለተኛውን ከሆነ «ችልድረን አር ትሪትድ ኦንሊ ኦን ቱዝደይስ ኤንድ ፍራይደይስ» ይሁን። «ትሪትስ ችልድረን ኦንሊ ኦን ቱዝደይስ» የሚለውን አልመርጥም፤ «ኦንሊ» እዚያ ግራና ቀኝ ያያል። የቱን ማለትሽ እንደሆነ ከክሊኒኩ አሠራር ጋር አመሳክሪና አማርኛውንም ከእንግሊዝኛው በላይ በትልቁ ጻፊው። ልጅ ያዘለች እናት መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው።