መልስ፦ ዴቪል ሜይ ክራይ 5 ወይስ ሜታል ጊር ራይዚንግ?

"ከሁለቱ የውጊያ ቪዲዮ ጌሞች አንዱን ብቻ ነው ማውረድ የምችለው፤ ለውጊያውና ደጋግሞ ለመጫወት የቱ ይሻላል?" ላልከው፣ ዴቪል ሜይ ክራይ 5ን አውርድ። ብዙም አያከራክርም።

ምክንያቱ ከምትጫወትባቸው ገጸ ባሕርያት አንዱ፣ ዳንቴ ነው። አራት የውጊያ ስልት አለው፤ በፍልሚያው መሃል በአንድ ቁልፍ ትቀያይራቸዋለህ፣ መሣሪያውንም እንደዚያው። ያንኑ ጠላት በየቀኑ በሌላ መንገድ ትጥለዋለህ። ግን ዳንቴን የምትይዘው 10ኛው ሚሽን ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት "ይሄው ነው እንዴ?" ብለህ እንዳትተወው። ከጨረስክ በኋላ "ሰን ኦፍ ስፓርዳ" በሚለው የክብደት ደረጃ ድገመው፤ ጠላቶቹ በየቦታው ስለሚቀያየሩ አዲስ ይሆንብሃል። 101 ፎቅ ያለው ብለዲ ፓላስ የሚባለው የጨዋታ ዓይነትም ይከፈትልሃል፤ እዚያ ወሬ የለም፣ ውጊያ ብቻ።

ራይዚንግ አጭር ነው። ሁሉም ነገር የቆመው በመመከት ላይ ነው፦ የጌምፓዱን ስቲክ ወደ ጠላቱ እየገፋህ የቀላሉን ምት ቁልፍ መጫን። ይህን ሳትለምድ ሞንሱን የሚባለው አለቃ ጠላት ጋ ከደረስክ አለቀልህ።

ኮምፒውተርህን ግን መጀመሪያ እይ። 8 ጊጋ ራም ለዴቪል ሜይ ክራይ 5 ዝቅተኛው ነው። የግራፊክስ ካርድህ ሜሞሪ 2 ጊጋ ካልሞላ ራይዚንግን ውሰድ። በኪቦርድም አትድከም፤ ጌምፓድ ያዝ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ባሕር ዳር ነኝ ብለሃል። ክረምት ላይ በጣና በኩል ነጎድጓድ ሲጀምር ኮምፒውተሩን አጥፋው። ሴቭ እያደረገ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ የሴቭ ፎልደሩን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጥ።